ያልተወለወለው መስታወት

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ዶርካስ ፔል ስድስት ንጹሕ አንሶላ ታቅፋ የ«ግራጫዋ ዝይ» እንግዳ ማረፊያን ጠባብ ደረጃ ስትወጣ ከሙሽሮቹ ክፍል ድምፅ ሰማች። ጥርስ የሚያንገሸግሽ ቀጭን የመፋቅ ድምፅ ነበር። ድምፁ ቆም ሲል የሴት ሳቅ ተከተለ። ከዚያም የጃስፐር ድምፅ መጣ፤ ያ ዝግ ያለ፣ ለእሷ ብቻ የሚያወጣው ይመስላት የነበረ ድምፅ።

«ቀስ ይበሉ... እጅዎን ያላሉት። እኔ ይዤዋለሁ።»

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ዶርካስ ማየት አልነበረባትም፤ አየች። መስታወት ሠሪው ጃስፐር ትሪግና ከለንደን የመጣችው እንግዳ ወይዘሮ ላንግዴል ጀርባቸውን ሰጥተዋት መስኮቱ ላይ ተጎንብሰዋል። ጭንቅላታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም፤ የእሱ ሰፊ እጅ በእሷ እጅ ላይ ተደርቧል። ወዲያው በሩ ሲጢጥ ብሎ ተዘጋ።

የዚያ ቤት ወለል በአራት መቶ ዓመት ዕድሜው ዘሟል። ኳስ ቢያስቀምጡበት ተንከባሎ ይሄዳል፣ በሩም ማንም ሳይነካው ራሱን ይዘጋል። ይህን ከዶርካስ የበለጠ የሚያውቅ በምድር ላይ አልነበረም። ያን ቀን ግን ረሳችው። አንሶላዎቹን ደረቷ ላይ አጥብቃ ኮሪደሩ መሃል ተገትራ ቀረች፤ ሃያ ስምንት ዓመት ስትኖር እንዲህ ሆና አታውቅም።

ስድስት ሳምንት ወደ ኋላ እንመለስ። ጃስፐር የመጣው በመስከረም መጀመሪያ፣ የእንግዳ ማረፊያውን የፊት መስኮቶች በሙሉ አውልቆ፣ መስታወቱን የያዘውን ያረጀ የእርሳስ ክፈፍ ለውጦ፣ የተሰነጠቀውን መስታወት ተክቶ ሊመልሳቸው ነው። የዶርካስ እናት ወይዘሮ ፔል ገና ከመጀመሪያው ቀን ቦታውን አሳወቀችው። መግቢያው በጓሮ በር፣ ምግቡ በወጥ ቤት ከምግብ አብሳይዋ ከኤድና ጋር፣ ሻዩ መሰላሉ ላይ። በፊት ለፊቱ በር የሚገባ ሰው፣ ጳጳስም ይሁን ጄኔራል፣ ከእናትየው አፍ መጀመሪያ የሚሰማው ቃል «እባክዎ እግርዎን ይጥረጉ» የሚል ነው። በጓሮ ለሚገባ ሰው ግን ማንም እንዲህ አይለውም።

ሻዩን ወደ መሰላሉ የምታመላልሰው ዶርካስ ነበረች። እሷ ከውስጥ ትወለውላለች፣ እሱ ከውጭ ስቱኮ ይሞላል፣ በመካከላቸው መስታወት አለ። በመስታወት ውስጥ ብዙ ማየት ይቻላል። በሁለተኛው ሳምንት በሆነ ባልሆነው ይሳሳቁ ጀመር፤ በአራተኛው ሳምንት ሳቁ ቀርቶ ዝም ብለው መተያየት መጣ።

«እናትሽ አንድ ቀን ‹እግርህን ጥረግ› ብትለኝ ደስታውን አልችለውም» አላት አንድ ጊዜ። ቀልዱን ነበር፤ ዓይኑ ግን አልቀለደም።

በዚህ ሳምንት ማክሰኞ ደግሞ ልብስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ፣ በትራስ ልብሶች መሃል፣ ደብዳቤ አገኘች። እንዲህ ይላል፦

«ዶርካስ፣ ሥራዬን ቅዳሜ እጨርሳለሁ። ዮርክ ውስጥ የአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን መስታወት እንድጠግን ተጠርቻለሁ፤ ሥራው የዓመታት ነው። ያለ አንቺ መሄድ አልፈልግም። ግን ተደብቄ መውደድም ሰልችቶኛል። መልስሽ አዎ ከሆነ ቅዳሜ እኩለ ቀን በፊት ለፊቱ በር ቆመሽ ጠብቂኝ፣ አብረን እንግባና እናትሽን ልጠይቃት። እዚያ ከሌለሽ ይገባኛል። በጓሮ እንደመጣሁ በጓሮ እሄዳለሁ።»

ዶርካስ ደብዳቤውን አሥር ጊዜ አንብባ ጫማዋ ውስጥ ደብቃዋለች። መልሷ አዎ ነበር። ግራጫ ካፖርቷን እንኳ ከሣጥን አውጥታ አናፍሳዋለች። እንግዲህ ወይዘሮ ላንግዴል በዚህ መሃል ባትመጣ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ባለቀ ነበር።

ሰኞ ግን መጥታለች። ረዥም፣ ቀጭን፣ ሽቶዋ ከመኪናዋ ቀድሞ የሚገባ፣ ጓንቷን ሻይ እየጠጣች እንኳ የማታወልቅ ሴት። ብቻዋን ሆና ሳለ የሙሽሮቹን ክፍል ጠየቀች። ገና በመጀመሪያው ጥዋት ደግሞ «ያ መስታወት የሚሠራው ሰው የት ነው?» አለች። ማክሰኞ በፖም ዛፎቹ መሃል ሲሄዱ ታዩ። ረቡዕ ደግሞ ወደ ክፍሏ ሁለት የሻይ ሲኒ አዘዘች።

«የኔ እመቤት» አለች ኤድና፣ ድስቷን እያማሰለች፣ «ያ ልጅሽ ዛሬ ሻዩን ከፎቅ ጠጣ። የኔ ኬክ አልጣመውም መሰለኝ።»

«የማን ልጅ? የኔ የሚባል ሰው የለም» አለች ዶርካስ።

«እሱማ የለም። ሲኒውን ግን ሰበርሽው።»

እውነቷን ነው፣ ሲኒው ተሰብሮ ነበር። ዶርካስ ስብርባሪውን ስትለቅም ጣቷን ቆረጣት፤ ሕመሙም ደስ አላት፣ ቢያንስ ለዚህኛው ምክንያቱን ታውቀዋለች።

ዓርብ ጥዋት ወይዘሮ ላንግዴል ለእግር ጉዞ ስትወጣ ዶርካስ ክፍሉን ልታጸዳ ገባች።

የዚህን ክፍል መስኮት አገር ያውቀዋል። ከሦስት መቶ ዓመት ጀምሮ እዚያ ያደሩ ሙሽሮች ሁሉ በቀለበታቸው አልማዝ ስማቸውን መስታወቱ ላይ ይጭራሉ። የሁለቱም ስም ጎን ለጎን ከላይ፣ ዓመቱ ከሥር። ላልተጋቡ ክልክል ነው። አንድ የበርሚንግሃም ሰው ሚስቴ ናት ያላት ሴት ሚስቱ አለመሆኗ በታወቀ ጊዜ ወይዘሮ ፔል እንቁላሉን ሳይጨርስ አስነስታ ሸኝታዋለች። ዶርካስ ስሞቹን ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ ታውቃቸዋለች። ከሁሉ የምታዝንለት ግን «ኦባዲያ 1791» ነበር፤ መስታወቱ ግርጌ ላይ በትንንሽ ፊደል ብቻውን ተጽፏል። ሙሽራዪቱ ጥላው የሄደች ምስኪን ነው ብላ ደምድማለች፤ ሃያ ዓመት ሙሉም በወለወለችው ቁጥር «ደህና አደርህ ኦባዲያ» ትለዋለች።

ያን ጥዋት ኦባዲያን ሰላም አላለችም። መሃል ላይ አዲስ የገቡ ሁለት መስታወቶች ነበሩ፤ ሁለቱም በጠመኔ ዱቄት ተቀብተዋል፤ መስታወት ሠሪዎች ስቱኮው እስኪደርቅና ቅባቱ እስኪመጠጥ እንደዚያ ያደርጋሉ። በአንደኛው ላይ፣ ከዱቄቱ ሥር፣ የተጫረ ነገር ይታያል። ዶርካስ በአውራ ጣቷ የላይኛውን ጥግ አበሰችው።

«ቬሪቲ» ይላል።

የእንግዳዋ ስም ነው፤ መዝገብ ላይ አይታዋለች። ጣቷ ወደ ታች ወረደ፤ መሃሉን ዘሎ ግርጌውን አበሰ።

«ጃስፐር 1956»።

ዶርካስ በዕድሜዋ ስንት ሺህ መስታወት ወልውላለች። ጨርቁ እጇ ላይ ነበር። መሃሉን አንድ ጊዜ ብትጠርገው ኖሮ! አልጠረገችውም። ያየችው በቃት። ለእኔ ‹እናትሽን ልጠይቃት› ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ለእሷ ገና ሳያገባት አልማዟን ይዞ ስሙን ይጭራል! ጫማዋ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ በእግሯ ጣቶች ጨመደደችው። ያቺን ሴት ጠላቻት፤ ሽቶዋን፣ ጓንቷን፣ ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ የምትሰብረውን ነገር ጠላችው። ከሁሉም በላይ ግን የገዛ እጇን ጠላችው፤ በሳሙና የሻከረ፣ ማንም መስታወት ላይ ይዞ ያልመራው እጅ።

ወርዳ ለእናቷ ነገረቻት።

«በር ዘግተው?» አለች ወይዘሮ ፔል።

«ዘግተው» አለች ዶርካስ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ውሸት መሆኑን አውቃለች። አልመለሰችውም።

ጃስፐር ወጥ ቤት ተጠራ። ወይዘሮ ፔል አልጮኸችም፤ ጮኻም አታውቅም።

«ትሪግ፣ ሥራህ እዚህ ላይ ያብቃ። የቀረውን ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። በእኔ ቤት ከእንግዳ ጋር በር አይዘጋም።»

ጃስፐር መጀመሪያ ምንም አልገባውም። ቀጥሎ ወይዘሮ ፔልን ትቶ ዶርካስን አያት።

«አንቺ ነሽ ያልሽው?»

«ያየሁትን ነው ያልኩት።»

«ምን አየሽ?»

«የሚበቃኝን። አንተ ራስህ ንገራት እንግዲህ፣ ምን ስትሠሩ ነበር?»

ጃስፐር ወደ ደረጃው አየ። «እሱ የእኔ ወሬ አይደለም፤ የሰው ነው። አልናገርም ብዬ ቃል ሰጥቻለሁ» አለ።

«እንዴት ያለ ጨዋ ነህ» አለች ዶርካስ፤ ድምፁ የራሷ አልመሰላትም።

መሣሪያውን በከረጢቱ ከተተ፤ መዶሻውን፣ የእርሳስ ቢላዋውን፣ ጫፉ ላይ የአልማዝ ፍንጣሪ ያለበትን መቁረጫውን። አልተቻኮለም። ጓሮ በር ላይ ሲደርስ ዘወር ብሎ «ቅዳሜ ድረስ እንኳ አልጠበቅሽኝም» አላት። ቁጣ ቢሆን ትችለው ነበር። እሱ ግን ያዘነ ሰው ነበር የሚመስለው፤ እሷም ከዚያ በኋላ ምንም ሥራ ሳትሠራ ወጥ ቤቱ መሃል ቆመች።

እኩለ ቀን ሊሆን ሲቃረብ ወይዘሮ ላንግዴል ከጉዞዋ ተመለሰችና ደወሉን ደወለች። ዶርካስ ወጣች። ጥርሷን ነክሳ ነው የወጣችው።

«ጃስፐርን ጥሪልኝ እስቲ» አለች እንግዳዪቱ። «ዱቄቱን ዛሬ አብሼ ማየት እችላለሁ ብሎኝ ነበር።»

«ጃስፐር ተባሯል፣ እመቤቴ።»

«ተባሯል? ለምን?»

«እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል።» እንግዳ እንዲህ ተብሎ አይመለስለትም። ዶርካስ ግን ከዚያ ወዲያ ግድ አልነበራትም። «ይህ መስኮት የሙሽሮች ነው። እዚህ ላይ ስሙን ከስምዎ ጋር ለመጻፍ መጋባት ያስፈልጋል።»

ወይዘሮ ላንግዴል አንድ በአንድ ጓንቶቿን አወለቀች። አልማዝ አልነበረም። የግራ እጇ ጣት ላይ ያለው ቀጭን የናስ ክብ ነገር ነው፤ እንዲህ ያለ ቀለበት በየመጋረጃው ዘንግ ላይ በደርዘን ይገኛል።

«ጨርቅሽን ስጪኝ» አለች። ተቀብላ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች ጠረገችው።

«ቬሪቲ እና ሎረንስ» ይላል ከላይ። ከሥሩ «ሰኔ 1943»። ከዚያ ሰፊ ባዶ ቦታ፣ ከዚያ ግርጌው ላይ በትንንሽ ፊደል «ጃስፐር 1956»።

«ባሌ ሎረንስ፣ ሎሪ የምለው፣ በጦርነቱ ጊዜ የአርባ ስምንት ሰዓት ፈቃድ ነበረው» አለች ወይዘሮ ላንግዴል። «ቀለበት የሚሸጥበት አልነበረም፣ ከእናቴ ሳሎን መጋረጃ ነው ያወጣው። እዚህ ሁለት ሌሊት አደርን። ሁለት ጉንጉን ያላት ልጅ ሻይ አመጣችልን፤ አንቺ መሆንሽን ያወቅሁት ሰኞ ነው። ሎሪ በዚህ ቀለበት ስማችንን ሊጭር ሞከረ፣ መስታወቱ ሳቀበት። ‹ስመለስ አልማዝ እገዛልሽና መጥተን እንጽፋለን› አለኝ። አውሮፕላኑ ባሕር ላይ ቀረ።»

ዶርካስ የተጻፈውን ዓመት እንደገና አነበበች።

«አሥራ ሦስት ዓመት ላደርገው ያልቻልኩትን ነገር ያ ልጅ ባንድ ከሰዓት አደረገልኝ። መቁረጫውን አበደረኝ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ ይዞ መራኝ። እያለቀስኩ ስለሳቅሁ ለማንም እንዳይናገር ለመንኩት። ሰው እንዲያዝንልኝ አልፈልግም።»

«ስሙ ግን...» አለች ዶርካስ። «ከታች ያለው ስሙስ?»

«እሱ የሠራው ሰው ፊርማ ነው። መስታወት የገጠመ ሰው ስሙን ግርጌው ላይ ይጭራል አለኝ፤ ከአባቶቻቸው የመጣ ልማድ ነው። እዚህም እኮ አለ፤ ይኸው፣ ኦባዲያ።»

ዶርካስ ኦባዲያን አየችው። ሃያ ዓመት ያዘነችለት፣ ሙሽራዪቱ የከዳችው ምስኪን፣ መስታወት ሠሪ ነበር! ምናልባትም ሚስትና ስድስት ልጆች ያሉት፣ ሥራውን ጨርሶ ፈርሞ ወደ እራቱ የሄደ ሰው። በሌላ ቀን ቢሆን በሳቅ በፈረሰች ነበር።

«ደግሞ ልንገርሽ» አለች ወይዘሮ ላንግዴል፣ «የሚቀና ሰው ከነበረ እኔ ነኝ። አራት ቀን ሙሉ ወሬው አንቺ ብቻ ነሽ። ዶርካስ እንዲህ አለች፣ ዶርካስ እንዲህ ሳቀች። በሕይወት ያለ ሰው እንዲህ ሲወደድ ማየት እንዴት እንደሚያም አታውቂውም።» ከዚያ ጨርቁን መለሰችላት። «ያንኛውን አንቺ ጥረጊው።»

ሁለተኛው መስታወት ነው። ዶርካስ ጠረገችው። ምንም የለበትም። ከላይ ባዶ፣ ከታችም ባዶ።

«መፈረም ረሳህ ወይ ብዬው ነበር» አለች ሴትዮዋ። «‹አልረሳሁም፤ በዚህኛው ላይ ስሜ ከታች እንዲሆን አልፈልግም። ቅዳሜ መልሷን ልስማ› አለኝ።»

ዶርካስ መስታወቱ ውስጥ የራሷን ፊት አየች፤ ትክ ብላ ልታየው ግን አልቻለችም። በዕድሜዋ እንደዚያ አፍራ አታውቅም፤ እንደዚያም ተወዳ አታውቅም፤ ሁለቱ አንድ ላይ መጡባት።

አውቶቡሱ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ ከገበያው መስቀል ሥር ይነሣል። ዶርካስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች፤ ከነሽርጧ በፊት ለፊቱ በር ወጣች። የቤቱ ልጅ ሆና ሳለች በዚያ በር ሮጣ ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው። እናቷ ከመቀበያው ጀርባ «ዶርካስ!» አለቻት። አልሰማችም፤ ብትሰማም አትቆምም ነበር።

ጃስፐር አንድ እግሩን አውቶቡሱ ላይ አድርጎ ሳለ ደረሰችበት።

«ጃስፐር!»

ዘወር አለ። መጀመሪያ ያለው «ካፖርት አልለበስሽም» ነው።

«ቀንቼ ነው» አለች፤ እያለከለከች፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ። «ሌላ ስም የለውም፣ ቅናት ነው። በሩ ራሱን እንደሚዘጋ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ለእናቴ ግን ዘጉት አልኳት። ዋሸሁብህ። አሁን ወይዘሮ ላንግዴል ሁሉንም ነግራኛለች።»

እግሩን አወረደ፤ ከረጢቱን ግን አልለቀቀም። «ስሜን መስታወቱ ላይ አይተሻል ማለት ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ መሃሉን ለምን አልጠረግሽውም? አንቺ! ጭላጭ ጠብታ እንኳ የማታልፊ ሰው!»

«ፈራኋ! ከሥሩ የባሰ ነገር ቢኖርስ ብዬ ፈራሁ።»

ከረጢቱን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እኔ ስድስት ሳምንት ሙሉ በመስታወት ውስጥ አንቺን ሳይ ነው የኖርኩት» አለ። «አንድም ቀን አልተጠራጠርኩሽም። አንቺ ግን በአንድ ጥዋት... ይሄ ያማል፣ ዶርካስ።»

«ይመም። መብትህ ነው። ተቆጣኝ፣ ዓመት ሙሉ ተቆጣኝ። ግን አንድ ያልፈረምክበት መስታወት ትተህ ነው የምትሄደው። ከታች ፈርመህ መሄድ ከፈለግህ አልይዝህም። ከላይ ከሆነ ደግሞ... ቅዳሜን አልጠብቅም። መልሴ አዎ ነው። ማክሰኞም አዎ ነበር።»

«ጌታው» አለ የአውቶቡሱ ትኬት ቆራጭ፣ «እኔም አልቅሼ ሳልጨርስ፣ ትሳፈራለህ ወይስ አትሳፈርም?»

ጃስፐር ዶርካስን እያየ ከረጢቱን መሬት ላይ አስቀመጠው። ውስጡ ያለው ብረት ሁሉ ተንኳኳ። ከወረፋው አንዲት አሮጊት «ጎሽ!» አለች፤ አውቶቡሱም ሄደ። እጇን ያዛት፤ ያንኑ የሻከረውን እጅ፤ ጣቷ ላይ ያለውን የሲኒ ቁስል አይቶ ምንም ሳይል በአውራ ጣቱ ሸፈነላት። ያን ጊዜ ነው ዶርካስ ማልቀስ የጀመረችው።

መንገዱን ሁሉ ብዙ አላወሩም። «ግራጫዋ ዝይ» ሲደርሱ ጃስፐር እግሩ እንደለመደው ወደ ጓሮው ታጠፈ። ዶርካስ በእጅጌው ጎተተችው።

«በዚህ» አለች።

በፊት ለፊቱ በር ገቡ። ወይዘሮ ፔል በመቀበያው ጠረጴዛ ጀርባ ቆማለች። ከጎኗ ወይዘሮ ላንግዴል ያለ ጓንት ቆማለች፤ የሁለቱም ዓይን ቀልቷል። ወይዘሮ ፔል ይቅርታ የሚል ቃል ለሰው ልጅ ተናግራ አታውቅም፤ ያን ቀንም እንደማትናገር ፊቷ ላይ ይነበባል። መጀመሪያ ልጇን አየች፣ ከዚያ የተያያዙትን እጆች፣ ከዚያ የጃስፐርን ጭቃ የነካ ጫማ። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እባክህ እግርህን ጥረግ» አለችው።

ጃስፐር ጠረገ። ቀስ ብሎ፣ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ አንድም ጭቃ ሳይቀር ጠረገ። ዶርካስም ከጎኑ ቆማ፣ አንድም መስታወት እንዲህ ተጠንቅቆ ሲወለወል አይታ የማታውቅ ይመስል፣ እስኪጨርስ ድረስ ዓይኗን ከእሱ ላይ ማንሣት አልቻለችም።